ሕፃናትን ይዞ በግና ላም ባለበት የገበሬ ቤት ለመዋል፦ ደብረ ብርሃን አካባቢ ምን ትመክሩናላችሁ?

ጠያቂ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዲስ አበባ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባለፈው ፋሲካ የገዛነው በግ ሁለት ቀን ግቢያችን ውስጥ ታስሮ ነበር። የአራት ዓመት ልጄ ጎመን ስትመግበው፣ ውኃ ስታቀርብለትና ጆሮውን ስታሻሸው ዋለች፤ በሦስተኛው ቀን ከእንቅልፏ ስትነሣ ግን ዛፉ ላይ የቀረው ገመዱ ብቻ ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ «እናቱ የት ናት?» እያለች ትጠይቀናለች። ስድስት ዓመት የሞላው ወንድሟ ሊያስረዳት ሲሞክር ሰማሁትና እርሱም ከበዓል በግ በቀር በግ አይቶ እንደማያውቅ ተገነዘብኩ።

ስለዚህ በመጪው ኅዳር ልጆቹ እንስሳትን በዋሉበትና ባደሩበት ቦታ የሚያዩበት፣ ከተቻለም የሚነኩበት ስፍራ ልንወስዳቸው አስበናል። የባለቤቴ አክስት አንጎለላ አካባቢ ሁለት ላሞችና ሃያ ያህል በጎች አሏቸው። ደብረ ብርሃን ከተማ ዳር የፈረንጅ ላም የሚያረባ ወዳጅም አለን። ሌሎች ደግሞ ከሄዳችሁ አይቀር ጓሳ ድረስ ዝለቁና ጭላዳና ቀይ ቀበሮ አሳዩአቸው ይሉናል። ለዚህ ዕድሜ የሚሻለው የትኛው ነው? በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል ወይስ ማደር ይኖርብናል? እኔ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ስለሆንኩ ልጠነቀቅበት የሚገባ ነገር ካለም ንገሩኝ። አዲስ የተወለደ ግልገል ከተገኘ አብረን እንደምናቅፈው ለልጄ ቃል ገብቼላታለሁ።

መልስ፦ የገበሬ ልጅ፣ ከደብረ ብርሃን

እኅቴ፣ ሳላመነታ የምመክርዎ ወደ አክስት ቤት እንዲሄዱ ነው። የፈረንጅ ላም የሚረባበት ቦታ ለአዋቂ ጥሩ ትምህርት ሊሆን ይችላል፤ ለአራት ዓመት ልጅ ግን በሲሚንቶ ወለል ላይ ተደርድረው ድርቆሽና ፉርሽካ የሚበሉ፣ ቁመታቸው የአባቷን ትከሻ የሚደርስ ላሞች ማየት ከደስታው ፍርሃቱ ይበዛል። ለልጅ የሚስማማው የመንዝ በግ ነው፤ አጭር፣ ጠባየ ገር፣ ጸጉሩም እጅ የሚያሰጥም ነው። አክስት ጸጉሩን የሚፈትሉ ከሆኑ እንዲያሳዩአቸው ይጠይቋቸው፤ ባና የሚሠራው ከዚሁ ጸጉር መሆኑን ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ በደንብ ይረዳዋል።

ዋናው ጉዳይ ግን ሰዓቱ ነው። ብዙ የከተማ እንግዳ ጠዋት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ረፋዱ ላይ ይደርሳል። በዚያ ሰዓት በጎቹ መስክ ወጥተዋል፣ ላሞቹ ታልበዋል፣ በግቢው የሚቀሩት ዶሮዎቹና ውሻው ብቻ ናቸው፤ ምሳ ተበልቶ፣ ቡና ተጠጥቶ፣ ምንም ሳይታይ መመለስ ይሆናል። ልጆች ሊያዩት የሚገባው ነገር የሚጀምረው ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ነው። ትንንሾቹ ግልገሎች ሩቅ መሄድ ስለማይችሉ ቀኑን ቤት ይውላሉ፤ የእናቶቻቸው ድምፅ ከጉብታው ወዲያ ሲሰማ ሁሉም እየጮኹ በበረቱ አጥር ላይ ይረባረባሉ። በሩ ሲከፈት ለጥቂት ደቂቃ ግርግር ይሆናል፤ እናት የቀረባትን ግልገል ጅራቱ ሥር አሽትታ የሌላ ከሆነ በግንባሯ ገፍታ ታባርረዋለች፣ የራሷ ከሆነ ደግሞ ዝም ብላ ትቆምለታለች፤ እርሱም በፊት ጉልበቶቹ ተንበርክኮ ጅራቱን እያርገበገበ ይጠባል። ልጅዎ «እናቱ የት ናት?» ብላ ለጠየቀችው ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

ይህን ለማየት ማደር የግድ ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ቅርብ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ሕፃናት ጭኖ በጨለማ መንዳትን አልመክርም፤ የመንገዱንም ሁኔታ በዚያው ሳምንት ዘመድ ሳትጠይቁ አትነሡ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች በመሆኗ በኅዳር ቀኑ ፀሐይ ቢሆንም ሌሊቱ ውርጭ ነው። ልጆቹ ከሹራብ ሌላ የሚጠቀለሉበት ወፍራም ጋቢና ለፀሐዩ ባርኔጣ ያስፈልጋቸዋል።

ቀኑንም መርጣችሁ ሂዱ። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ከሄዳችሁ ለልጆቹ ወተት ባይከለከልም አክስት ራሳቸው ስለማይቀምሱት ቅቤው፣ አሬራውና አይቡ ከቤተሰቡ ጋር አብሮ የሚበላበት ጨዋታ ይቀራል። በአካባቢው የገበያ ቀን ከሄዳችሁ ሰው ቤት አታገኙም፤ ኅዳር 12 ቀን ከሄዳችሁ ደግሞ የሚካኤል በዓል ስለሆነ አጨዳም ውቂያም አይኖርም። በሥራ ቀን ከሆነና ዕድል ከቀናችሁ ግን ገብስ በበሬ ሲበራይ ታያላችሁ፤ ጭድ ክምር ላይ መንከባለልን የመሰለ መጫወቻ ደግሞ ከተማ ውስጥ የለም። ስትሄዱ ቡናና ስኳር ያዙ እንጂ ገንዘብ አውጥታችሁ አክስትን አታሳፍሯቸው።

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም

ስለ ሰዓቱ የተባለው ትክክል ነው። ጤናን በሚመለከት ግን በመጀመሪያ የማነሣው ለልጅዎ የገቡትን ቃል ነው። ነፍሰ ጡር ሴት በወሊድ ላይ ካሉና በቅርቡ ከወለዱ በጎች፣ ከእንግዴ ልጃቸውና ከአዲስ ግልገል መራቅ ይኖርባታል። ጤነኛ መስላ የምትታይ በግ እንኳ ስትወልድ ቶክሶፕላዝማ፣ ክላሚዲያና ሊስቴሪያ የሚባሉ፣ ጽንስ የሚያስወርዱ ተሕዋስያን ከፈሳሹ ጋር ሊወጡ ይችላሉ፤ እነዚህም ወደ ሰው ይተላለፋሉ። ስለዚህ የዕለቱ ግልገል ለማንኛችሁም ይቅር። ሳምንታት ያለፉትንና ሰውነቱ ንጹሕ የሆነውን ግልገል አባቷ ያስይዛት፤ እርስዎ ከአጥሩ ውጪ ሆነው ይመልከቱ። በረት ውስጥ የተለበሰውንም ልብስ እርስዎ ባያጥቡት ይመረጣል።

ሁለተኛው ወተት ነው። ለእንግዳ ክብር ተብሎ ከላሟ ሥር የመጣ ትኩስ ወተት መቅረቡ አይቀርም፤ አክስትን ላለማስቀየም ብሎ ጥሬውን መጠጣት ግን ተገቢ አይደለም። ብሩሴሎሲስም ሆነ የከብት ሳንባ ነቀርሳ በጥሬ ወተት ይተላለፋል፤ ወተቱ እስኪገነፍል ይፈላ። መርጋት ተሕዋስያኑን ሙሉ በሙሉ ስለማይገድላቸው ካልፈላ ወተት የተሠራ እርጎም ለልጆቹና ለእርስዎ አይሰጥ።

ሦስተኛው እጅ መታጠብ ሲሆን፣ ከሁሉም የምፈራው ይህን ነው፤ ምክንያቱም ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ ሕፃን ይዞ በትክክል የሚፈጽመው ግን ጥቂት ነው። ጤነኛ ላምና በግ በአንጀታቸው የሚይዙት አንድ የኢ.ኮላይ ዓይነት ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ አንዳንዴም የኩላሊት ጉዳት ያስከትላል። እበት በነካ እጅ ላይ ሳኒታይዘር የሳሙናና የውኃን ያህል ስለማይሠራ አንድ ጀሪካን ውኃና ሳሙና መኪናው ውስጥ ይያዝ። ልጆቹ በረት ውስጥ ሳሉ ዳቦም ብስኩትም እጃቸው ላይ እንዳይኖር ያድርጉ፤ ጣት የሚጠባ ልጅ ካለ አንድ ሰው እርሱን ብቻ ይጠብቅ።

ሁለት ነገር ልጨምር። የግቢው ውሻ ታስሮ ይቆይ፤ ድንገት ቢነክስ ወይም ቢቧጭር ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ አጥባችሁ በዚያው ዕለት ጤና ተቋም ሂዱ። በፊቱና በአንገቱ ላይ ጸጉሩ ክብ ክብ ሆኖ የረገፈና ግራጫ ቅርፊት ያወጣ ጥጃ ካያችሁ ደግሞ ጭርት ሊሆን ስለሚችል ልጆቹ አይንኩት።

መልስ፦ የመንትዮች አባት

ጓሳን የመከሯችሁ ሰዎች ልጅ ይዘው አልሄዱም ብዬ እገምታለሁ። እኔ አምስት ዓመት የሞላቸውን መንትዮቼን ይዤ ሄጃለሁ። ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ አንደኛው ሁለት ጊዜ አስታወከ፤ ስንደርስ ብርዱና ከ3,200 ሜትር በላይ ያለው ከፍታ ተጨምሮበት ሁለቱም ከመኪና አንወርድም አሉ። ቀይ ቀበሮ ያየነው አንድ ጊዜ፣ በጓሳው ሣር መካከል፣ በጣም ከሩቅ ነው፤ ልጄም «ውሻ ነው» ብሎ ወደ ብስኩቱ ተመለሰ። ቦታው እጅግ ውብ ነው፤ አሥር ዓመት ሲሞላቸው እንደገና እወስዳቸዋለሁ።

ጭላዳ ማየት ከፈለጋችሁ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ መንጋው ተቀምጦ ሣር ሲነጭ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኝ እንስሳ መሆኑን፣ የወንዱንም ደረት ላይ ያለውን ቀይ ቆዳ ለልጆቹ ብትነግሯቸው ይበቃቸዋል። ምግብ አትስጧቸው፤ አፋፉ አጥር ስለሌለው የልጅ እጅ አይለቀቅ።

በገበሬው ልጅ አስተያየት በአንድ ነገር አልስማማም። የፈረንጅ ላም ያለበት ቦታ ለትንንሾች አይሆንም ማለት ተገቢ አይመስለኝም፤ ላሞቹን ትታችሁ ጥጆቹ ወዳሉበት ሂዱ። መንትዮቼ ከዚያ ሁሉ ጉዞ እስከ ዛሬ የሚያወሩት ጥጃ ጣታቸውን እንደጠባቸውና ምላሱ እንደ ብርድ ልብስ ሻካራ እንደነበረ ነው።

ጠያቂዋ፣ ከአንድ ወር በኋላ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ኅዳር 6 ሄደን አንድ ሌሊት ደብረ ብርሃን አደርን፤ አክስት «እኔ ቤት እያለሁ ሆቴል?» ብለው በጣም ተቆጡ፣ በማግሥቱም ምሳ ሁለት ጊዜ አስበሉን። ጓሳን ተውነው።

ማታ የበጎቹን መመለስ አየን። እኔ ከአጥሩ ውጪ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነበር። ልጄ አንዲት ጥቁር እናት ሦስት ግልገሎችን አከታትላ ገፍታ አራተኛውን ስታስጠጋ ካየች በኋላ ወደ እኔ ሮጣ መጥታ «አሸተተችው፤ የእርሷ ነው» አለችኝ፤ ከዚያም የእኔን እጅ አሸተተች። ወንድሟ ከበጎቹ ይልቅ የወደደው የአክስትን ቅል ነው፤ እርጎው ሲናጥ ድምፁ የሚለወጥበትን ጊዜ ለመስማት ጆሮውን ለጥፎ ሩብ ሰዓት ያህል ሳይንቀሳቀስ ቆየ። ወተቱ ፈላ፤ አክስት ትንሽ ቅር ቢላቸውም ሐኪም አዝዞናል ስንላቸው ተቀበሉን።

በሁለተኛው ቀን ወዳጃችን ዘንድ ጥጆቹን አየን። ልጄ የአንዱን ጥጃ አንገት አቅፋ አልለቅም ብላ ነበር፤ ቅርፊቱን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው። እጇን በሳሙና አጠብናት፣ ክንዷን ግን ረሳነው። አሁን ከክንዷ ውስጠኛ ክፍል ላይ አምስት ሳንቲም የሚያህል፣ ዙሪያው ቀላ ብሎ መሐሉ የነጣ ክብ ወጥቶ ያሳክካታል። ጎረቤት በፊት ለአለርጂ የታዘዘላትን ቅባት ሰጥታኛለች፤ ልቀባት?

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም

አይቀቧት። ለአለርጂ የሚታዘዙ ብዙ ቅባቶች ስቴሮይድ ስላለባቸው ማሳከኩን ለጊዜው አስታግሠው ጭርቱን ያስፋፉታል። የገለጹት ጭርት ይመስላል፤ እርግጠኛ ለመሆን ግን የሰው ሐኪም ሊያየው ስለሚገባ በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ይውሰዷት። ጭርት ከሆነ በፀረ ፈንገስ ቅባት ይድናል፤ ቁስሉ የጠፋ ቢመስልም ሐኪሙ የወሰነው ቀን እስኪሞላ መቀባቱ አይቋረጥ። እስከዚያ ፎጣዋንና ልብሷን ወንድሟ አይጋራ፤ እርስዎም ከነኳት በኋላ እጅዎን ይታጠቡ። ለወዳጅዎም ደውለው ያንን ጥጃ ከሌሎቹ እንዲለየውና እንዲያሳክመው ይንገሩት።