ቦቢ ጆሮ ላይ መዥገር ተጣብቋል፤ በላምባ ላውጣው?

የየካዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የግቢያችን ውሻ ቦቢ ክረምቱን ሣር ላይ ሲንከባለል ከረመ። ትናንት ጆሮውን ሳሻሸው ባቄላ የሚያክል ነገር እጄን ነካኝ። ኪንታሮት መስሎኝ ነበር፣ ለካ ደም ጠጥቶ የተነፋ መዥገር ነው! ሦስት ትንንሾች ደግሞ ጣቶቹ መሀል አሉ። እናቴ «ላምባ ቀቡት፣ ራሱ ይለቃል» ትላለች። ባለቤቴ ክብሪት ጭሮ ሊያስጠጋበት ሲል ለጥቂት አስቆምኩት። ቤት ውስጥ ድመትም አለችን። ምን ይሻላል?

እትዬ፦ እናትሽ ልክ ናቸው። እኛ በላሞች ላይ ሲደረግ እያየን ነው ያደግነው። ላምባ ከጠፋ ቅቤ ለቅልቂው፤ አየር ሲያጥረው ይለቃል።

የእንስሳት ሐኪሙ፦ ይቅርታ እትዬ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። መዥገር በሰዓት ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚተነፍስ ታፍኖ እስኪሞት ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ያን ሁሉ ጊዜ ተጣብቆ ይቆያል፤ ሲጨነቅ ደግሞ የዋጠውን ወደ ቁስሉ ሊመልስ ይችላል። ላምባው የውሻውን ቆዳ ያቃጥላል፣ ሲልሰውም ይመርዘዋል። ክብሪቱንማ ተዪው።

እህቴ፣ ጓንት ከሌለሽ እጅሽን በፌስታል ሸፍኚ። እሾህ የምታወጪበት፣ አፉ ቀጭን የሆነ ወረንጦ ይበቃል። ፀጉሩን ገለጥ አድርጊና መዥገሩን ሆዱን ሳይሆን ከቆዳው ጋር ከተጣበቀበት ቦታ ያዢው። ሆዱን ከጨመቅሽው ውስጡ ያለው ወደ ውሻው ሊሄድ ይችላል። ከዚያ ሳትጠመዝዢና ሳትነጥቂ፣ ቀስ ብለሽ ቀጥ አድርገሽ ሳቢ። ቆዳው ትንሽ ተከትሎ ይነሳል፣ ታገሺ፣ ይለቃል። ያወጣሽውን በጥፍር አታፍርጪ፤ አልኮል ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ጨምሪው። አልኮል ከሌለ አረቄም ይሆናል (ለመዥገሩ ማለቴ ነው)።

የየካዋ፦ ሞከርኩ! ትልቁ ከነነፍሱ ወጣ። ከትንንሾቹ አንዱ ግን ተቆርጦ ጥቁር ነጥብ ቀረ። በመርፌ ላውጣው?

የእንስሳት ሐኪሙ፦ አትቆፍሪው። የቀረው የመዥገሩ አፍ ነው፤ የቦቢ ሰውነት ቀስ በቀስ እንደ ስንጥር ገፍቶ ያወጣዋል። በሳሙና እጠቢው። ካበጠ ወይም መግል ከያዘ ግን ክሊኒክ ይታይ።

የድመቶች እናት፦ ድመት አለችን ስላልሽ ነው የምጽፈው። እኔ ለከብት የሚረጭ መድኃኒት ገዛሁ፤ ሻጩ «ለሁሉም ይሆናል» አለኝ። ድመቴን ቀባኋት፣ በዚያው ማታ እየተንቀጠቀጠች አረፋ ደፈቀች። አልተረፈችም። እባክሽ።

የእንስሳት ሐኪሙ፦ ያሳዝናል፣ ብዙ ጊዜ ይገጥመናል። ፐርሜትሪን የሚባለው የመዥገር መግደያ ለውሻ የሚሰጥ ሆኖ ድመትን ይገድላል። አሚትራዝና ዲያዚኖን የሚባሉት መግደያዎችም ለድመት አይሆኑም። ቦቢን ፐርሜትሪን ባለው ነገር ከቀባሽው እስኪደርቅ ድረስ ድመቷ አትጠጋው፣ አብረውም አይተኙ። ለድመቷ መድኃኒት ስትገዢ ዕቃው ላይ «ለድመት» የሚል ከሌለ መልሺው።

ጎረቤት፦ ውሻው የሚተኛበትንስ አይታችኋል? እኛ በየሳምንቱ እየነቀልን የማያልቅብን ለካ ከግድግዳው ስንጥቅ ነበር የሚመጣው።

የእንስሳት ሐኪሙ፦ ትክክል። ቡናማው የውሻ መዥገር ጠጥቶ ሲጠግብ ይወርድና ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፤ አንዷ ሴት በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። የሚተኛበት ጆንያ ይቃጠል፣ ስንጥቁ ይለሰን። ቦቢንም ለሁለት ሦስት ሳምንት ተከታተዪው። ምግብ ከተወ፣ ካተኮሰው፣ ከነሰረው፣ ሽንቱ እንደ ቡና ከጠቆረ ወይም ድዱ ከነጣ ሳትውዪ ሳታድሪ አስመርምሪው። መዥገሩ ያመጣው የደም በሽታ ሊሆን ይችላል።

የየካዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ግን የቦቢ ድድ ከጥንትም ጥቁር ነው፣ መንጣቱን በምን አውቃለሁ?

የእንስሳት ሐኪሙ፦ የዓይኑን የታችኛውን ቆብ ዝቅ አድርጊና ውስጡን እዪ። ሮዝ መሆን አለበት። ዛሬ ደህና ሳለ እይው፣ ኋላ ለማወዳደር ይረዳሻል።