የአማርኛ መምህራን ማኅበር፣ የአማርኛ ግቦች ሠንጠረዥ፣ ረቂቅ 3፦ አስተያየት እስከ ኅዳር 10

ጸሐፊው፣ ጥቅምት 18
ረቂቅ 3 ተያይዟል። ለክፍለ ከተማው የምናስገባው ኅዳር 15 ነው። በክረምቱ ስብሰባ የተስማማንበት ነገር አንድ ነው፤ ልጁ 2ኛን፣ 4ኛን፣ 6ኛን፣ 8ኛንና 10ኛን ክፍል ሲጨርስ በአማርኛ ምን ማንበብና ምን መጻፍ እንዳለበት በአንድ ገጽ ይቀመጣል፤ የታችኛው ክፍል ግብ ለላይኛው መነሻ ይሆናል። «ያውቃል»፣ «ይረዳል» የሚሉትን ግሦች በሙሉ አውጥቻለሁ፤ መምህር ሊለካቸው አይችልም። በምትካቸው «ሳይንተባተብ ያነባል»፣ «የአንቀጹን ፍሬ ሐሳብ በራሱ ቃላት ይጽፋል» ብያለሁ። የ4ኛና የ8ኛ ክፍል ረድፎች ባዶ ናቸው። ማን ይይዛቸዋል?

የ9ኛ ክፍል መምህር፣ ጥቅምት 18
8ኛውን እኔ እሞላለሁ። ይህን ሠንጠረዥ አራት ዓመት ሙሉ የጎተጎትኩበትን ምክንያት አዲስ አባላት ይወቁት። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ቀርቷል። በ12ኛ ክፍል ፈተና ውስጥ አማርኛ የለም። በከተማችን ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ልጁ የ8ኛ ክፍል ፈተናን ካለፈ በኋላ «አማርኛህ እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቀው አካል የለም። 9ኛ ክፍል ላይ አንድ ገጽ ታሪክ አንብቦ ሦስት መሥመር መጻፍ የማይችል ልጅ ይደርሰኛል። በ2014 በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ነበሩ። በ2016 5.4 ደረሰ። አገር ሁሉ 12ኛ ክፍል በር ላይ ቆሞ አዘነ። እኔ የማየው ግን ጉድጓዱ የተቆፈረው 3ኛና 4ኛ ክፍል ላይ ነው።

የ6ኛ ክፍል መምህር፣ ጥቅምት 18
4ኛውን ለእኔ ተዉት። እስከ ዓርብ አደርሳለሁ። ስምንት የንባብ ምንባቦችንም አዘጋጃለሁ።

ጡረተኛው መምህር፣ ጥቅምት 19
ሠንጠረዡ ጋ ሳልደርስ ርዕሱ ላይ ቆምኩ። ረቂቁ «ማኅበር» ይላል፤ ማኅተማችን «ማህበር» ይላል። የአማርኛ መምህራን ነን። ኀበረ ማለት ተባበረ ነው፤ ኅብረትም ማኅበርም ከዚያ ወጡ። በተሳሳተ ፊደል የተቀረጸ ማኅተም ስለ ሥርዓተ ትምህርት በሚናገር ደብዳቤ ላይ ሊያርፍ አይገባም። ማኅተሙ ይቀየር፤ ከዚያ ይግባ።

ገንዘብ ያዧ፣ ጥቅምት 19
በባንክ ያለን 38 ሺህ 400 ብር ነው። ይህ ገንዘብ ምንባቦቹን አባዝተን በአራት ትምህርት ቤቶች ልጆችን አንድ በአንድ ለማስነበብ ከየደመወዛችን የተዋጣ ነው። ማኅተም ሲቀየር የሚያስወጣው የመቅረጫው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የባንክ ፊርማና ማኅተም ማስቀየርም አለ። ለአንድ ፊደል ብዬ ፊርማዬን አላኖርም።

የ2ኛ ክፍል መምህርት፣ ጥቅምት 20
ደብዳቤውን ከማኅተሙ ጋር አስማሙትና ይለፍ። «ማህበር» ብሎ መጻፍ ማንን ይጎዳል?

ጡረተኛው መምህር፣ ጥቅምት 20
ይጎዳል። «ድኅነት» መዳን ነው። «ድህነት» ማጣት ነው። ሠዓሊ የሚሥል ነው፤ ሰአሊ የሚለምን ነው። መምህሩ ካልለየ ተማሪው ከማን ይማረው?

የ2ኛ ክፍል መምህርት፣ ጥቅምት 20
ጋሼ፣ ክፍሌ ውስጥ 62 ልጆች አሉ። «ዋና» ብዬ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ የውኃው ዋና ይሁን የነገሩ ዋና ፊደሉ አይነግራቸውም፤ ማጥበቅና ማላላት በጽሑፋችን የለም። «ገና» ብንልም እንዲሁ ነው። ልጁ ከዐረፍተ ነገሩ ይለየዋል፤ ማንበብ ማለትም ይኸው ነው። «ዋና»ን መለየት የቻለ ልጅ «ድህነት»ንም ይለያል። የእኔ ልጆች የሚቸገሩት ሳድሱ ላይ ነው። ካዕብና ኃምስ መልክ አላቸው፤ ቅጥያውን አንዴ ካዩት ይከተሉታል። ሳድስ ግን በየፊደሉ የተለየ ነው። ረቂቁ ለ2ኛ ክፍል መነሻ ሲያስቀምጥ የ1ኛ ክፍል ልጅ «ሁሉንም ፊደላት» ያነባል ይላል። ሠላሳ ሦስቱ በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ 35ቱ ሞክሼ ናቸው፤ ድምፃቸው የተደገመ ነው። ግቡ ላይ እነርሱ ይግቡ አይግቡ የሚለውን ብንነጋገር ይሻላል።

የ9ኛ ክፍል መምህር፣ ጥቅምት 21
ይህ ሌላ ጉዳይ ነው። ረድፎቹን እንሙላ።

ርዕሰ መምህርቷ፣ ጥቅምት 21
ሌላ ጉዳይ አይደለም። 1ኛ ክፍል ላይ ስንት ፊደል እንደምንጠይቅ ሳንስማማ የ2ኛው ግብ በምን ላይ ይቆማል?

ጡረተኛው መምህር፣ ጥቅምት 22
ሞክሼ ፊደላትን ከልጅ መደበቅ ቅርስ ማሳጠር ነው። እኔ የቄስ ትምህርት ቤት ገበታ ላይ ሁሉንም በአንድ ክረምት ቆጥሬያለሁ።

የ2ኛ ክፍል መምህርት፣ ጥቅምት 22
ቆጠሩ። መቁጠርና ማንበብ ይለያያሉ። በዜማ የሸመደደ ልጅ ፊደሉን ከመካከል ነጥዬ ሳሳየው ከ«ሀ» ጀምሮ እየዘመረ ነው የሚደርስበት። እርስዎ 1ኛ ክፍል ለመጨረሻ ጊዜ ያስተማሩት መቼ ነው?

ጡረተኛው መምህር፣ ጥቅምት 22
31 ዓመት አስተምሬ በጠመኔ ብናኝ ሳምባዬን የጎዳሁ ሰው ነኝ። ይህ ማኅበር ሲመሠረት ወንበር ከቤቴ ተሸክሜ መጥቻለሁ። ከእንግዲህ አልጽፍም።

ገንዘብ ያዧ፣ ጥቅምት 23
ይህ ነገር በዚህ ይብቃ። ሁለታችሁም ልጆቹን ብላችሁ ነው የተናገራችሁት። አንቺ ልጄ፣ ደውዪላቸው።

የ2ኛ ክፍል መምህርት፣ ጥቅምት 24
ደውያለሁ። ጋሼ ይቅርታዬን ተቀብለዋል፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ተነጋገርን። በአንድ ነገር ተስማምተናል። 1ኛ ክፍል ላይ ልጁ ሞክሼዎቹን አይቶ ድምፃቸውን ያሰማል፤ በጽሕፈት ግን የትኛው የት እንደሚገባ አይጠየቅም፤ ነጥብም አይቀነስበትም። ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ቃሉን ከሥሩ ጋር እያያዘ ይማራል። ማኅበርና ኅብረት፣ ሥዕልና ሠዓሊ በአንድ ቀን ይሰጣሉ። በጎ ሐሳቡ የእሳቸው ነው።

ጡረተኛው መምህር፣ ጥቅምት 25
የቃላቱን ዝርዝር እኔ አዘጋጃለሁ። ሁለት መቶ ቃላት በእጄ አሉ።

ጸሐፊው፣ ጥቅምት 29
የ4ኛ ክፍል ረድፍ አልደረሰኝም። የ6ኛ ክፍል መምህር፣ ዓርብ ካለፈ ሳምንት ሆነ። ስልክህም አይነሳም።

የ9ኛ ክፍል መምህር፣ ኅዳር 2
8ኛውን ልኬአለሁ። ልጁ የአንድ ገጽ ጽሑፍ አንብቦ ጸሐፊው የተከራከረበትን ነጥብና የሰጠውን ማስረጃ ለይቶ ይጽፋል፤ በጉዳዩ ላይ የራሱን አቋም በሁለት አንቀጽ ያቀርባል። ከ4ኛው ጋር የሚያገናኘው ድልድይ ግን የለም። 4ኛውን የሚሞላ ሌላ ሰው ይኑር። እባካችሁ፣ አሥራ አምስት ቀን በአንዲት «ኅ» አለፈ።

ርዕሰ መምህርቷ፣ ኅዳር 4
ከክፍለ ከተማው ባለሙያ ጋር በቃል ተነጋግሬ ነበር። የሞክሼ ፊደላቱን ሐሳብ ወዶታል፤ መጽሐፍ ሳይቀየር፣ ገንዘብ ሳይወጣ፣ በጉድኝት ማዕከል (ተጎራባች ትምህርት ቤቶች በሚገናኙበት) አንድ ቀን ሥልጠና ሊጀመር ይችላል ብሏል። ሠንጠረዡ ግን የሥርዓተ ትምህርቱን የመማር ውጤቶች ይነካል፤ በእኛ ደረጃ የሚወሰን አይደለም አለኝ። ስለዚህ ፊደሉን ፊት እናድርገው፤ ሠንጠረዡ ከኋላ ይከተል።

የ9ኛ ክፍል መምህር፣ ኅዳር 4
የተነሣንበት እኮ ሠንጠረዡ ነው!

ርዕሰ መምህርቷ፣ ኅዳር 4
አውቃለሁ። የማይፈቀድ ነገር አስገብተን በ2015 እንደደረሰን ያለ የእምቢታ መልስ ከምንጠብቅ የሚፈቀደውን እናስቀድም።

ገንዘብ ያዧ፣ ኅዳር 6
ማኅተሙስ?

ጡረተኛው መምህር፣ ኅዳር 6
በነበረው ይታተም። ደብዳቤው ላይ ግን «ማኅበር» ተብሎ ይጻፍ። ከዚህ በላይ አልከራከርም።

ጸሐፊው፣ ኅዳር 11
ረቂቅ 5 ተያይዟል። ርዕሱ «በ1ኛ ክፍል የሞክሼ ፊደላት አስተማመርና ምዘና» ሆኗል። የጋሼ ዝርዝር በአባሪ 1፣ ሠንጠረዡ በአባሪ 2 ገብቷል። በሠንጠረዡ ላይ የ4ኛ ክፍል ረድፍ ባዶውን ነው። ተቃውሞ ያለው እስከ ነገ ይጻፍ።

የ9ኛ ክፍል መምህር፣ ኅዳር 11
ስሜ ከአዘጋጆቹ ዝርዝር ይውጣ። ባዶ ረድፍ ያለበት ሠንጠረዥ የእኔ ሥራ አይደለም።

የ2ኛ ክፍል መምህርት፣ ኅዳር 12
ከማስወጣትህ በፊት አንድ ነገር ስማኝ። የ4ኛ ክፍል መምህርቷ ጎረቤቴ ናት። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አሥራ ሁለት ልጆችን አንድ በአንድ እናስነብባለን ብላኛለች። ምንባብ ስለሌለን ከመማሪያ መጽሐፋቸው እንወስዳለን። ልጆቹ ያነበቡትን በራሳቸው ቃላት ሲነግሩን ሰምተን ረድፉን ከዚያ ተነሥተን እንጽፋለን። ሰዓት ያዥና መዝጋቢ ያስፈልገናል። ትመጣለህ?

ገንዘብ ያዧ፣ ኅዳር 12
ለፎቶ ኮፒ 600 ብር ተፈቅዷል። ደረሰኝ አምጡ።

የ9ኛ ክፍል መምህር፣ ኅዳር 13
በስንት ሰዓት?