ለታናሽየዋ ምን ላብላት?

ሰላም፣ ቸግሮኝ ነው የምጽፈው። የምንኖረው ፒያሳ ነው። ትልቁ ልጄ ዓይነት 1 የስኳር በሽታ አለበት። ኢንሱሊኑን በሰዓቱ ይወጋል፤ እሱ ላይ ድርድር የለም። ያስጨነቀችኝ ታናሽየዋ ናት። ጤነኛ ናት፤ ግን እህቱ ስለሆነች ተጋላጭነቷ ከሌላው ልጅ ከፍ ይላል።

ይህ በሽታ ከረሜላ በመብላት አይመጣም። የሰውነት መከላከያ ራሱ ኢንሱሊን አምራቾቹን የቆሽት ሴሎች ሲያጠቃ ነው። (ለጎረቤት ማስረዳቱ ሌላ ሥራ ነው!) በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣ የአውስትራሊያ ጥናት፣ ለበሽታው የተጋለጡ አይጦች ልዩ ስታርች ተመገቡ። የአንጀት ባክቴሪያቸው ያንን ሲያብላላ አሲቴትና ቡቲሬት የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ወጡ፤ አይጦቹም ከስኳር በሽታው በእጅጉ ተጠበቁ። ደስ ይላል፤ ግን አይጥ ነው። ሰው ላይ፣ ፕሮቲኑ የተሰባበረ የዱቄት ወተት ለተጋላጭ ሕፃናት ተሰጥቶ በ2018 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲወጣ በሽታውን አልቀነሰም።

አማቴ ደግሞ «እንጀራ ከልክያት፣ አብሽ አጠጫት» ይላሉ። እኔ እንጀራዋን አልነካም።

የሥነ ምግብ ባለሙያ ወይም እንደኔ ዓይነት ወላጅ ካላችሁ እርዱኝ። ምስር፣ ሽሮና ጎመን ማብዛቱ ይበቃል? ፕሮባዮቲክ (ጠቃሚ የአንጀት ባክቴሪያ ያለበት ማሟያ) ልግዛላት ወይስ ብሬን ላትርፍ? ቆሽት ላይ ያነጣጠሩ አንቲቦዲዎች (የሰውነት መከላከያ የሚሠራቸው ፕሮቲኖች) ምርመራስ አዲስ አበባ ውስጥ የት ይሠራል? ዋጋውንም ብትነግሩኝ።