አስቸኳይ፦ ቤንዚን ስንቀዳ መልሶ ይተፋል፣ ነገ ጠዋት ውድድር አለብን

ናቲ ቨርጂኒያ፦
ሰላም ወገኖች፣ መኪና የምታውቁ ካላችሁ ቶሎ በሉልኝ። ዌስት ቨርጂኒያ ሰሚት ፖይንት ነው ያለነው፣ ነገ ጠዋት የአማተሮች የረጅም ሰዓት ውድድር አለ። አሁን ማታ ፒት ስቶፕ (በውድድር መሃል ቆሞ ነዳጅ መቅዳትና ጎማ መቀየር) ስንለማመድ የመጀመሪያው ጀሪካን ገና ግማሹ ሳይገባ ቤንዚኑ ከሰልባትዮው (ከነዳጅ ታንኩ) አፍ ገንፍሎ ወጣና የኋላውን ጎማ አጠበው። ደገምነው፣ ያው ነው። ጓንቴ ርሶ እጄን እየለበለበኝ ነው የምጽፈው። የቡድናችን አለቃ ጥፋቱ የጀሪካኑ ነው ይላል፤ ጫፉ ላይ ያለውን ራሱ የሚዘጋውን ቫልቭና ወንፊቱን አውጥተን እንጣለው፣ በአንድ ትንፋሽ ይወርዳል ባይ ነው። እኔም እንደዛ ይመስለኛል። በምን ልቁረጠው? ጫፉን መልሼ በሲሊኮን ባጣብቀው ይይዛል?

የሰፈሩ ልጅ፦
እኛ ሀገር ሚኒባስ ሞተሩ ሳይጠፋ፣ ተሳፋሪ ሳይወርድ፣ ወያላው ሲጋራውን እንደያዘ ነው የሚቀዳው። እናንተ አሜሪካ ሄዳችሁ ተሞላቀቃችሁ 😂

ዮኒ ገርጂ፦
ኦሪንጉ (የጀሪካኑ ጫፍ ላይ ያለው የጎማ ቀለበት) አልቆ ነው። ኦሪንጉን ቀይረው።

ሄለን ሜሪላንድ፦
ናቲ መጀመሪያ ጓንቱን አውልቅና እጅህን በሳሙናና በብዙ ውሃ ታጠብ። ቤንዚን የነካው እጅጌ ካለህም አውልቀው፣ እላይህ ላይ ይደርቃል ብለህ አትቀመጥ። ልብሱን መኪና ውስጥ አትወርውረው፣ ውጭ አየር ላይ አስጣው። እጅህ ካበጠ ወይም ውሃ ከቋጠረ እዛው ያሉትን የህክምና ሰዎች አሳያቸው። ስለ መኪናው ሌሎቹ ይነግሩሃል።

ሚኪ ሰርኪት፦
ወንፊቱን እናውጣ ስትል አንድ ታሪክ ትዝ አለኝ፣ ልናገር። በፈረንጆቹ ሐምሌ 1994፣ ጀርመን ሆክንሃይም። ፎርሙላ ዋን ከ1984 ጀምሮ ተከልክሎ የቆየውን በውድድር መሃል ነዳጅ መቅዳት የመለሰው በዚያው ዓመት ነበር። የቤኔተን ቡድን ሹፌር ዮስ ቨርስታፐን፣ የዛሬው ሹፌር የማክስ ቨርስታፐን አባት ማለት ነው፣ ሊቀዳ ገባ። ቱቦው ሲነቀል ቫልቩ በጊዜው አልዘጋም፣ ቤንዚኑ በመኪናውና በሰዎቹ ላይ ተረጨ። አንድ ሁለት ሰከንድ ምንም የለም። ከዚያ መኪናው፣ ሹፌሩ፣ መካኒኮቹ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ እሳት ሆኑ። ዮስ የሄልሜቱን መስታወት ከፍቶ ስለነበር ፊቱ ተቃጠለ፣ መካኒኮችም ተቃጥለዋል። የጠፋው በሰከንዶች ውስጥ ነው፣ ቁመው የሚጠብቁ ሰዎች ስለነበሩ። ምርመራው ምን አገኘ? ከመቅጃው ማሽን ላይ ማጣሪያው ወጥቷል። ማጣሪያው ሲወጣ ነዳጁ 12.5 በመቶ ገደማ ይፈጥናል ተባለ። ቫልቩም ቆሻሻ ገብቶበት ነው በጊዜ ያልዘጋው የሚል ነው የወጣው። ቤኔተን ማጣሪያውን ማውጣቴ ከእሳቱ ጋር አይገናኝም ብሎ ተከራክሯል፤ ይከራከር፣ ግን አለቃህ የሚልህ ቃል በቃል እሱን ነው። ያኔ የነበረው ማሽን በሰከንድ 12 ሊትር ገደማ የሚገፋ፣ ፋብሪካ ሰርቶ የመረመረው ዕቃ ነበር። የእናንተ የፕላስቲክ ጀሪካን ነው።

አቤል 22፦
እኔ ያልገባኝ ለምን በውድድር መሃል ትቀዳላችሁ? ፎርሙላ ዋን ከ2010 ጀምሮ የከለከለው እኮ በእሳቱ ነው። ሞልታችሁ ገብታችሁ እስክትጨርሱ መንዳት ነው። ጥያቄው ራሱ ልክ አይደለም።

ሚኪ ሰርኪት፦
አቤል፣ በ2010 ሲከለከል ዋናው ምክንያት ወጪ ነበር። ማሽኖቹን በየሀገሩ በአውሮፕላን መጫን ገንዘብ ይበላል። ደህንነቱም ተነስቷል እንጂ እሳቱ ብቻ አይደለም። አሁን ጎማ ብቻ ስለሚቀይሩ በሁለት ሰከንድ ይወጣሉ፣ ማክላረን ካታር ላይ በ2023 በ1.80 ሰከንድ ጨርሷል። የነናቲ ግን የሰዓታት ውድድር ነው፣ በአንድ ሰልባትዮ ቀኑን ሙሉ የሚነዳ መኪና የለም። የፈረንሳዩ የሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ላይም ይቀዳል፣ የአሜሪካዎቹ የኢንዲካርና የናስካር ውድድሮች ላይም ይቀዳል።

አቤል 22፦
ይቀዳሉ ማለት ልክ ነው ማለት አይደለም።

የሰፈሩ ልጅ፦
አቤል አንተ ውድድር ላይ ብትሆን በእግርህ ነው የምትጨርሰው።

ዮኒ ገርጂ፦
ኦሪንጉን ቀየርከው ናቲ?

ጋሽ ወርቁ፦
ልጄ ናቲ፣ እኔ 30 ዓመት ከመኪና ስር ነው ያረጀሁት፣ ቀስ ብለህ ስማኝ። ምንም ነገር አትቁረጥ። ሲሊኮኑንም ተወው፣ ተራ ሲሊኮን ቤንዚን ሲነካው አብጦ እንደ ማስቲካ ይለጠጣል፣ ቁራጩ ከነዳጁ ጋር ወርዶ ፊልትሮ ይደፍንብሃል። አንተ የጀሪካኑን አፍ ስትመለከት ማየት ያለብህን የሰልባትዮውን ትንፋሽ ረሳህ። ጠባብ አፍ ያለው እንስራ ላይ ውሃ በአንዴ ስትደፋበት ግልግል ብሎ ይመልስብህ የለ? አየሩ የሚወጣበት አጥቶ ነው። ያንተም እሱ ነው። ቤንዚኑ ሲገባ በዚያው ልክ አየር በመተንፈሻው ቱቦ መውጣት አለበት። ካልወጣ በገባበት ይመለሳል። ጀሪካኑን በቆረጥከው መጠን ደግሞ የበለጠ ይተፋል እንጂ አይድንም። አሁን ያልነገርከንን ንገረን፦ ሰልባትዮው የፋብሪካው ነው ወይስ ለውድድር የተገዛ? መተንፈሻው በየት በኩል ያልፋል? በቅርቡ ማን ነካው?

ናቲ ቨርጂኒያ፦
ጋሼ አመሰግናለሁ። የፋብሪካው አይደለም፣ ለውድድር የሚሸጠው ነው፣ ሻንጣ ቦታ ውስጥ ያለ፣ ውስጡ ስፖንጅ ያለው። ባለፈው ሳምንት አውጥተን መልሰን አስገብተነዋል። መተንፈሻ የምትሉት ከላይ በኩል የሚወጣው ቀጭኑ ቱቦ ነው? እሱን አላየነውም። እጄ ተሻለኝ ሄለን።

ጋሽ ወርቁ፦
በለው! ባለፈው ሳምንት ነው ያወጣችሁት? ይሄ እኮ መጀመሪያ የሚነገር ነው ልጄ።
በሉ እንዲህ አድርጉ። የፈሰሰውን በተራ ጨርቅ ሳይሆን ነዳጅ በሚመጥ ዱቄት ወይም ለዚሁ በተሠራ መምጠጫ ጨርቅ አንሱት፣ ያነሳችሁትን ክዳን ባለው ብረት ዕቃ አድርጉ። የሻንጣውንም የመኪናውንም በር ክፈቱና ይናፈስ፣ በደንብ ከተናፈሰ በኋላ ባትሪውን ንቀሉት። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ላይ ይተኛል፣ አፍንጫችሁ ጋ ሽታው ጠፋ ማለት ከስር የለም ማለት አይደለም። ከዚያ ቱቦውን ከሰልባትዮው ጀምራችሁ እስከ ጫፉ በእጃችሁ ዳብሱት። መልሳችሁ ስታስገቡት ብሎን ስር ተጨፍልቆ ይሆናል፣ ፋሼታው (ቱቦውን የሚያስረው ቀለበት) ከመጠን በላይ ታስሮ አንቆት ይሆናል። መንገድ ላይ አንዲት ትንሽ ቫልቭ ታገኛላችሁ፣ ውስጧ ኳስ አለች። መኪናው ሲገለበጥ ቤንዚን እንዳይፈስ ኳሷ ቀዳዳውን ትዘጋለች። እሷ ቀጥ ብላ መቆም አለባት። ካጋደላችሁ ወይም ከገለበጣችኋት መኪናው ቆሞም ትዘጋለች። ቱቦውን ከሰልባትዮው ነቅላችሁ በሳይክል ፓምፕ ቀስ አድርጋችሁ ንፉበት፣ አየሩ በሌላው ጫፍ ካልወጣ አገኛችሁት። በአፋችሁ እንዳትነፉ።

የሰፈሩ ልጅ፦
በአፍ አትንፉ ያሉት በቱቦ ቤንዚን ስበን ላደግን ሰዎች ስድብ ነው ጋሼ 😂

ቢኒ ዱባይ፦
ጋሽ ወርቁ ያሉት ትክክል ነው። እኔ ስለ ሰው አቆማመጡ ልጨምር። ዱባይ ኦቶድሮም የ24 ሰዓቱ ውድድር ላይ ነዳጅ በየቡድኑ ፒት ፊት ለፊት አይቀዳም፣ ለብቻው የተዘጋጀ ማደያ አለ፣ መኪናው እዚያ ሄዶ ነው የሚሞላው። የሚቀዳበትና ጎማ የሚፈታበት ተለያየ ማለት ነው። እናንተ ጋ ማደያ ከሌለ ቢያንስ በጊዜ ለዩት። ነዳጅ ሲቀዳ ማንም ጎማ አይነካ፣ ክሪክ አይግባ፣ ሞተር ይጥፋ፣ ሹፌሩ ወርዶ ከግንቡ ጀርባ ይሁን። ቀጂው ሙሉ የእሳት ቱታ፣ ጓንት፣ ሄልሜት ከነመስታወቱ የተዘጋ። ከጎኑ አንድ ሰው ሌላ ሥራ የሌለው፣ የእሳት ማጥፊያው ፒን ወጥቶ ጣቱ ማንሻው ላይ፣ ዓይኑ ነዳጁ በሚገባበት አፍ ላይ። ስልክ እየቀረጸ አይደለም! ይሄንን የምለው ስላየሁ ነው።

ትዕግስት ለንደን፦
ማጥፊያው ሳይገኝ ብትቸገሩ ባልዲ ውሃ አጠገብ አድርጉ። ኢንዲካር ላይ ከቀዱ በኋላ አፉ ላይ ውሃ ሲረጩ አይቻለሁ።

ሚኪ ሰርኪት፦
ትዕግስት እዚህ ላይ ተጠንቀቂ፣ ሰው ያምንሽና ይቃጠላል። ኢንዲካር የሚጠቀመው አልኮል ነው፣ አልኮል ከውሃ ጋር ይደባለቃል፣ ስለዚህ ውሃው ያቀጥነዋል። ቤንዚን ግን ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ባልዲ ብትደፊበት እሳቱን ተሸክሞ ወደ እግርሽ ነው የሚያመጣው። ለቤንዚን ፎም ወይም ደረቅ ዱቄት ነው። አልኮሉም የራሱ ጣጣ አለው። በ1981 አሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ 500 ውድድር ላይ ሹፌሩ ሪክ ሚርስ ሊቀዳ ሲገባ ሜታኖል የሚባለው አልኮል ቱቦው በቅጡ ሳይገጠም ፈሰሰና ተያያዘ። የሜታኖል ነበልባል በቀን ብርሃን አይታይም። ሰውዬው እየተቃጠለ ዙሪያው ያሉት ምን እንደሆነ አልገባቸውም፣ የሚዘል የሚወራጭ ሰው ነው የሚያዩት። በመጨረሻ አባቱ ነው ማጥፊያ ይዞ የደረሰለት። ፊቱ ተቃጥሎ አፍንጫው ላይ ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል።

ትዕግስት ለንደን፦
እሺ ይቅር ባልዲው።

አቤል 22፦
እና አሁንም መቅዳት ልክ ነው ትላላችሁ።

ቢኒ ዱባይ፦
አቤል፣ እሳት ያለው መቅዳቱ ውስጥ ሳይሆን ጥድፊያው ውስጥ ነው። ፎርሙላ ዋን ሲንጋፖር 2008 ፌራሪ የሹፌሩን የፊሊፔ ማሳን መኪና አረንጓዴ መብራት አብርቶ ለቀቀው፣ ቱቦው ገና ተሰክቶ ነበር፣ ነቅሎት ሄደ። ብራዚል 2009 የማክላረኑ ሹፌር ኮቫላይነን ቱቦውን እየጎተተ ወጣ፣ ከኋላው የነበረው የፌራሪው ራይኮነን የተረጨው ቤንዚን ውስጥ ገብቶ መኪናው ለቅጽበት ነደደ። ሁለቱም ላይ ዕቃው አልተበላሸም፣ ሰው ነው የቸኮለው። ናቲ፣ ሂድ የሚለው ሰው አንድ ብቻ ይሁን። እሱም ጀሪካኑ ከግንቡ ሲያልፍ በዓይኑ ሳያይ አፉን አይክፈት።

ናቲ ቨርጂኒያ፦
ጋሼ!! ኳሷ ያለችበት ቫልቭ ጎኗን ተኝታ በፕላስቲክ ማሰሪያ ታስራለች። ማን እንዳሰራት አይታወቅም፣ ሁሉም እኔ አይደለሁም ይላል። በፓምፕ ስንነፋ ምንም አያልፍም፣ ቀጥ ስናደርጋት ያልፋል። ለማቆሚያ ብረት እየፈለግን ነው። አለቃው ግን አሁንም ወንፊቱ ይውጣ እያለ ነው፣ ከፊታችን ያለው ቡድን በ40 ሰከንድ ይቀዳል ይላል።

ጋሽ ወርቁ፦
ስትጨርሱ መጀመሪያ አንድ ጀሪካን ብቻ ቀስ ብላችሁ ቅዱና አፉን ተመልከቱ። ሰልባትዮውን አንገቱ ድረስ አትሙሉት፣ ቀን ሲሞቅ ቤንዚኑ ይሰፋል። ለአለቃህ እንዲህ በለው፦ 5 ጋሎን ማለት 14 ኪሎ ገደማ ቤንዚን ነው፣ ቫልቭ የሌለው ጀሪካን ተሸክሞ የሚሮጠው እሱ ከሆነ ይቁረጠው።

ዮኒ ገርጂ፦
ኦሪንጉንም በዚያው እዩት።

ጋሽ ወርቁ፦
ዮኒ አሁንስ እውነትህን ነው፣ ጀሪካኑ ሲነቀል የሚያንጠባጥብ ከሆነ ኦሪንጉ ነው።

ዮኒ ገርጂ፦
🙏🙏 ከመጀመሪያው ያልኩት።

ሄለን ሜሪላንድ፦
አንድ ነገር ደግሞ፣ ጠዋት ጀሪካኖቹን ማደያ ስትሞሉ ከፒክአፑ ላይ አውርዳችሁ መሬት ላይ አስቀምጣችሁ ሙሉ። የጭነት ቦታው ፕላስቲክ ከተነጠፈበት ኤሌክትሪክ ይጠራቀማል፣ በብልጭታ ይያያዛል። ማደያዎች ላይ ተለጥፎ አይተነው የምናልፈው ማስታወቂያ እሱ ነው።

የሰፈሩ ልጅ፦
ናቲ ስንተኛ ወጣችሁ?

ቢኒ ዱባይ፦
ናቲ? ቆመ ቫልቩ?

ኪሩ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ይቅርታ በዚህ ልግባ፣ የእሳት ቱታ ያገለገለ የሚሸጥ የሚያውቅ አለ? ቁመቴ 1.92 ነው፣ ያገኘሁት ሁሉ ቁርጭምጭሚቴ ጋ አይደርስም።