ጉዞው ተሰረዘ፣ ገንዘቡ አልተመለሰም፤ ባንኩን መቼ ልጠይቅ?

ጥያቄ፦ ሰላም ወገኖች። የቤተሰብ ጉዞ ቲኬት በኤጀንት በኩል ገዝቼ በክሬዲት ካርድ ከፈልኩ። አየር መንገዱ በረራውን ሰረዘው። ኤጀንቱ «ሪፈንዱ ተጠይቋል፣ ጠብቂ» ይለኛል። አየር መንገዱ ጋ ስደውል «ኤጀንትሽን አናግሪ» ይሉኛል። የካርዱ ሂሳብ ደግሞ መጥቷል፤ ወለድ እንዳይቆጠርብኝ ፈርቻለሁ። ባንኩ ጋ ዲስፒዩት (የክፍያ ተቃውሞ) ባደርግ ሪፈንዱ ይበላሽብኛል? ኤጀንቱ የአገር ልጅ ስለሆነ ማስቀየምም አልፈለግኩም። የምኖረው አሜሪካ ነው። የምታውቁ ምከሩኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ። በረራውን የሰረዘው አየር መንገዱ እንጂ አንቺ አይደለሽም። ይህ ብቻውን ጉዳይሽን በጣም ያጠነክረዋል። ከአሜሪካ የሚነሳ ወይም ወደ አሜሪካ የሚመጣ በረራ በአየር መንገዱ ከተሰረዘና አንቺ ሌላ በረራ ወይም ቫውቸር (በገንዘብ ፈንታ ለሌላ ጉዞ የሚሰጥ ኩፖን) ካልተቀበልሽ፣ ገንዘቡ መመለስ አለበት። ቲኬቱ «አይመለስም» የሚል ቢሆንም እንኳ። በክሬዲት ካርድ የተከፈለው በ7 የሥራ ቀናት፣ በሌላ መንገድ የተከፈለው በ20 ቀናት ውስጥ ነው። የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በ2024 ይህን ደንብ የበለጠ አጥብቆታል።

አሁን ስቴትመንትሽን (የካርዱን የሂሳብ መግለጫ) አውጪና ገንዘቡን የወሰደው ማን እንደሆነ እዪ። የኤጀንቱ ስም ካለ፣ መላሹ ኤጀንቱ ነው፤ «ገንዘቡን ለአየር መንገዱ ልኬዋለሁ» ማለት አያድነውም። የአየር መንገዱ ስም ካለ ደግሞ «ኤጀንትሽን አናግሪ» የሚለው መልስ አይሠራም። ሁለቱ እየተቀባበሉ የሚያመላልሱሽ ይህን ያላየሽ ስለሚመስላቸው ነው። በስልክም በኢሜይልም መጀመሪያ ይህን ንገሪያቸው።

ዋናው ነገር ግን ቀኑ ነው። እነሱ «ጠብቂ» በሚሉሽ ጊዜ ሁሉ የካርዱ ቀን ይቆጥራል። ከ1974 ጀምሮ ያለው የአሜሪካ የክሬዲት ሂሳብ ሕግ፣ ቅሬታሽ በጽሑፍ ለባንኩ እንዲደርስ የሚሰጥሽ 60 ቀን ነው። የሚቆጠረውም ስህተቱ ያለበት የመጀመሪያው ስቴትመንት ከተላከልሽ ጀምሮ ነው። ያልተሰጠ አገልግሎትም ሆነ ቃል ተገብቶ ሂሳብሽ ላይ ያልገባ ተመላሽ፣ ሕጉ ውስጥ እንደ ሂሳብ ስህተት ይቆጠራል። «ቲኬቱን የገዛሁት ከብዙ ወራት በፊት ነው፣ 60 ቀኑ አልፏል» ብሎ ተስፋ የሚቆርጥ ብዙ ሰው አለ። አትቁረጡ። ቪዛና ማስተርካርድ ከሕጉ ሌላ የራሳቸው ደንብ አላቸው። በእነሱ ደንብ ብዙውን ጊዜ 120 ቀን ይሰጣል፤ ላልተሰጠ አገልግሎት ደግሞ ቆጠራው የሚጀምረው ከግዢው ቀን ሳይሆን ጉዞው ይደረግ ከነበረበት ቀን ሊሆን ይችላል። ባንኩ «አልፎብሻል» ቢልሽ ይህንን አንስተሽ ጠይቂ።

ሪፈንዱ ይበላሻል ወይ ላልሽው፣ ፍርሃትሽ ከንቱ አይደለም። ዲስፒዩት ሲከፈት ሻጩ ሁለት ጊዜ እንዳይከፍል ብሎ የጀመረውን ሪፈንድ ሊያቆመው ይችላል። ስለዚህ እኔ የምመክረው ይህንን ነው። ገንዘቡ በዚህ ቀን ይገባል ብለው በጽሑፍ ከሰጡሽና የካርዱ ቀን ሰፊ ከሆነ፣ እስከዚያ ቀን ታገሺ። ቀኑ ካለፈ በማግስቱ ዲስፒዩቱን ክፈቺ። በቃል ብቻ ዛሬ ነገ የሚሉሽ ከሆነ ግን ምንም የሚያስጠብቅሽ ነገር የለም።

ከመክፈትሽ በፊት አንድ አጭር ኢሜይል ጻፊ። በረራው መቼ እንደተሰረዘ፣ ስንት እንደከፈልሽ፣ ቫውቸር እንደማትፈልጊ፣ እስከ መቼ ካልተመለሰ ባንክሽን እንደምትጠይቂ ይኑርበት። ባንኩ መጀመሪያ ሻጩን አናግረሻል ወይ ብሎ ይጠይቅሻል፤ ይህ ኢሜይል መልስሽ ነው። በስልክ ብቻ የተነጋገርሽውንም ቀኑንና ያናገረሽን ሰው ስም መዝግቢ። የስረዛውን መልእክት፣ ደረሰኙን፣ የቲኬቱን ደንብ ስክሪንሾት አድርገሽ አንድ ቦታ አስቀምጪ። የአየር መንገዶች ገጽ ይቀየራል፣ የስረዛው መረጃም ከጊዜ በኋላ ላይገኝ ይችላል።

ስትከፍቺ ምክንያት ምረጪ ይልሻል። እዚህ ላይ እባክሽ ተጠንቀቂ። «ይህን ክፍያ አላውቀውም» የሚለውን አትንኪ። እሱ ካርዳቸው ለተሰረቀባቸው ሰዎች ነው። አንቺ ራስሽ ገዝተሽ እንዲህ ካልሽ ካርድሽ ይዘጋል፣ ሻጩም የገዛሽበትን ማስረጃ አምጥቶ ይረታሻል። ያንቺ ምክንያት «አገልግሎቱ አልተሰጠም» ወይም «ተመላሹ አልገባም» ነው። በአፕ ወይም በስልክ መክፈት ፈጣን ነው፤ ግን ሕጉ ሙሉ ጥበቃ የሚሰጠው ለደብዳቤ ነው። ስለዚህ አንድ ገጽ ጻፊና በአደራ ፖስታ፣ ደረሰኝ ይዘሽ ላኪ። አድራሻው ክፍያ የሚላክበት ሳይሆን ለሂሳብ ጥያቄ የተሰጠው ነው፤ ስቴትመንቱ ላይ ለብቻው ተጽፏል።

ደብዳቤው ከደረሰ በኋላ ባንኩ በ30 ቀን ውስጥ መድረሱን ያረጋግጥልሻል። ውሳኔውን በሁለት የሂሳብ ዙር ውስጥ፣ ቢበዛ በ90 ቀን ይሰጣል። እስከዚያ የተከራከርሽበትን ገንዘብ አለመክፈል መብትሽ ነው፤ ባንኩም በዚያ ገንዘብ ምክንያት አልከፈለችም ብሎ ክሬዲትሽን ሊያበላሽ አይችልም። ሌላውን ሂሳብ ግን በጊዜው ክፈይ። ክፍያሽ በራሱ የሚሄድ ከሆነ ሙሉውን እንዳይወስድ አስተካክይው። ባንኩ መሃል ላይ ገንዘቡን ጊዜያዊ ብሎ ሊያስገባልሽ ይችላል። እሱን ጉዳዩ አልቋል ብለሽ አታውጪው። ሻጩ መልስ ከሰጠ ባንኩ ማብራሪያ ይጠይቅሻል፤ ያ ደብዳቤ ሳይመለስለት ከቀረ ጉዳይሽ ይወድቃል።

ስለ ኤጀንቱ፦ ይሉኝታው ይገባኛል። የአገር ልጅ ነው፣ ነገም በሌላ ቦታ ትገናኛላችሁ። ግን ዲስፒዩት ክስ አይደለም፣ ሌባ ማለትም አይደለም። ካርድ የሚቀበል ነጋዴ ሁሉ ይህን ደንብ አውቆ ነው የገባበት። ቀድመሽ በትህትና ንገሪው፤ «ወንድሜ፣ ቀኑ ስለሚያልፍብኝ ነው፣ እስከ ዓርብ ካልሆነ ባንኩን መጠየቄ ነው» በይው። ዲስፒዩት ለነጋዴው ተጨማሪ ክፍያ ስለሚያስከትልበት ብዙ ጊዜ ይህን ሲሰማ ሥራው ይፋጠናል። ደግሞም የቤተሰብሽ ገንዘብ ነው። ሰው እንዳይከፋ ብለሽ ለማትጓዢበት ጉዞ ወለድ የምትከፍይበት ምክንያት የለም።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ እኔ እንግሊዝ ነው ያለሁት። ግማሹን በክሬዲት ካርድ፣ ግማሹን በባንክ ዝውውር ነው የከፈልኩት። ለኔም ይሠራል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አንተ የተሻለ መሣሪያ አለህ። የብሪታንያ የ1974 የሸማቾች ብድር ሕግ አንቀጽ 75 ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይ እስከ 30,000 ፓውንድ የሆነን ግዢ ይሸፍናል። ከፊሉን ብቻ በክሬዲት ካርድ ከፍለህም የካርዱ ድርጅት ለሙሉው ተጠያቂ ሊሆን ይችላል። ችግሩ መሃል ላይ ኤጀንት ሲገባ ነው፤ ውሉ ከማን ጋር እንደሆነ ይከራከሩሃል፣ ስለዚህ የውሉን ወረቀት ፈልግ። በረራና ሆቴል አንድ ላይ እንደ ፓኬጅ ከገዛህና አዘጋጁ ከሰረዘው፣ በ14 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። ባንኩ በ8 ሳምንት ካልመለሰልህ ወይም እምቢ ካለህ ጉዳዩን በነፃ ወደ ፋይናንስ እንባ ጠባቂው (በባንኮች ላይ የሚቀርብ ቅሬታን ወደሚያየው አካል) ውሰደው። የባንክ ዝውውሩ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ይህ የአንቀጽ 75 ጥበቃ አይኖርህም ነበር።

ለሁለታችሁም አንድ ነገር ልጨምር። ሪፈንዱ ዲስፒዩቱ ክፍት እያለ ከገባላችሁ ዛሬውኑ ለባንኩ ንገሩና ዝጉት። ሁለቱንም ይዛችሁ ከቆያችሁ ባንኩ በኋላ ያስገባውን መልሶ ይወስደዋል።