ስኳር ያለብን ወላጆች ሎው ካርብ ስንጀምር

ሰላም ለሁላችሁ፣ ዓይነት ሁለት ስኳር ተገኘብኝ፣ ልጆች እያሳደግኩ ሎው ካርብ፣ ማለትም ካርቦሃይድሬት (እንደ ዳቦ፣ ሩዝና ፓስታ ያለውን) የሚቀንስ አመጋገብ፣ እንዴት ልጀምር ላልሽው እህቴ ነው የምጽፈው። እኔም ስኳር ያለብኝ የሁለት ልጆች አባት ነኝ፣ ጭንቀቱ ይገባኛል።

ከምግቡ በፊት መድኃኒትሽን አስቢ። ብዙ ሰው ከዛሬ ጀምሮ ዳቦና ሩዝ አቆማለሁ ብሎ ይነሳና መድኃኒቱን ግን በነበረው መጠን ይቀጥላል። ኢንሱሊን የምትወጊ ወይ እንደ ግሊቤንክላማይድና ግሊሜፒራይድ ያሉ ኪኒኖች የምትውጪ ከሆነ፣ ካርቡን ድንገት ስትቀንሺ መድኃኒቱ ስራውን ስለማያቆም ስኳርሽ ከልክ በታች ይወርዳል፣ ልጆች ይዞ መኪና እየነዱ ስኳር ሲወርድ ደሞ በጣም አደገኛ ነው። ሜትፎርሚን ብቻ ከሆነ ይሄ ስጋት ትንሽ ነው። ኢምፓግሊፍሎዚንና ዳፓግሊፍሎዚን የሚባሉት የስኳር ኪኒኖች ግን ሌላ ጣጣ አላቸው፣ ካርብ በጣም ሲቀንስ ኬቶን (ሰውነት ስብ ሲያቃጥል የሚፈጠር ነገር) ደም ውስጥ ተከማችቶ ደሙን አሲዳማ ሊያደርገው ይችላል፣ የሚያስፈራው ደሞ መለኪያው ላይ ስኳርሽ ያን ያህል ከፍ ሳይልም ሊመጣ መቻሉ ነው። ስለዚህ ሐኪምሽን ካርብ ልቀንስ ነውና መድኃኒቴን እዩልኝ በያቸው፣ የደም ግፊት መድኃኒት ካለሽም ንገሪያቸው። እርጉዝ ከሆንሽ፣ የምታጠቢ ከሆነ ወይ ኩላሊትሽ ላይ ችግር ካለ በራስሽ እንዳትጀምሪ። ቋንቋው ካስቸገረሽ አስተርጓሚ ጠይቂ እንጂ እባክሽ ልጅሽን አስተርጓሚ አታድርጊ፣ ልጅ ያልገባውን ይዘለዋል፣ የገባውን ደሞ ይዞ ሲጨነቅ ያድራል።

ወደ ወጥ ቤቱ ስንመጣ፣ ሁለት ዓይነት ምግብ እየሰራሽ አትዘልቂውም። እኛ ቤት የሚሰራው አንድ ነው፣ ዶሮ ወይ አሳ ወይ እንቁላል ከብዙ አትክልት ጋር፣ ሩዙ ወይ ፓስታው ግን ለብቻው በሌላ ድስት ይቀቀልና ልጆቹ ሳህን ላይ ይጨመራል፣ እኔ በሱ ቦታ አትክልቱን እደግማለሁ። ልጆቹን አብረሽ ካርብ አታስቁሚያቸው፣ እያደጉ ነው፣ ስኳር ያለብሽ አንቺ ነሽ። ለስላሳና ጣፋጩን መቀነስ ግን ለነሱም ጥሩ ነው።

ወላጅን የሚያሸንፈው የራሱ ሳህን ሳይሆን ልጅ ያስተረፈው ነው። ሳህን ልታጥቢ ቆመሽ ያቺን አራት ማንኪያ ፓስታ መጣል ያሳዝንሻል፣ ጫፉ ብቻ የተገመጠ ዳቦም አለ፣ ሳታስቢው አፍሽ ውስጥ ይገባል። አንድ ቁራጭ ዳቦ ወደ 15 ግራም ካርብ አለው፣ አንድ ስኒ የበሰለ ሩዝ ወደ 45 ግራም። ሎው ካርብ የሚባለው በአብዛኛው በቀን ከ130 ግራም በታች ስለሆነ የልጆች ትርፍራፊ ብቻውን ብዙውን ይበላብሻል። እኔ የረዳኝ ለልጆቹ መጀመሪያ ትንሽ ማቅረብ ነው፣ ካነሳቸው ይጨመርላቸዋል፣ ድስቱ ውስጥ የቀረው ደሞ ወዲያው ፍሪጅ ይገባል።

ከመጀመሪያው ቀን በቀን 20 ግራም ካርብ ግቢ የሚሉሽን አልስማማባቸውም። አንድ የምግብ ሰዓት ምረጪ፣ ቁርስን በይው፣ እሱን አስተካክይና ከመብላትሽ በፊትና ከበላሽ 2 ሰዓት በኋላ ስኳርሽን ለኪ። ብዙ ጊዜ ከምግብ በኋላ ከ180 (በሚሊግራም ሲለካ) በታች ይሁን ይባላል፣ በሚሊሞል የሚለካ አገር ካለሽ 10 ማለት ነው፣ በ18 ማካፈል ነው። ከአገር አገር የተዛወራችሁ ይቺን ያዙ፣ ቁጥሩ ያደናግራል። የእሽግ ምግብም እንደዛው ነው፣ ስኳር የሚለውን መስመር ትታችሁ ጠቅላላ ካርቦሃይድሬቱን እዩ፣ አሜሪካ ፋይበሩ እዛ ውስጥ ተቆጥሯል፣ አውሮፓ ግን ተለይቶ ነው የሚጻፈው።

ቤተሰብሽ ይሄ ወሬ ነው ካለሽ፣ የአሜሪካ የስኳር ህመም ማህበር በ2019 ባወጣው ሪፖርት የደም ስኳርን በማሻሻል በኩል ብዙ ማስረጃ ያለው ካርብ መቀነስ ነው ብሏል፣ ለሁሉም ሰው የሚሆን አንድ አመጋገብ የለም ብሎም ጨምሯል፣ ሁለቱንም ንገሪያቸው።

መድኃኒትሽ ስኳር የሚያወርድ ዓይነት ከሆነ ደሞ ቤት ውስጥ ትንሽ የታሸገ ጁስ አይጥፋ። ስኳርሽ ከ70 (በሚሊግራም) በታች ሲወርድ ግማሽ ስኒ ጁስ ጠጥተሽ 15 ደቂቃ ጠብቀሽ እንደገና ለኪ። ከፍ ያለ ልጅ ካለሽ ጁሱ የት እንዳለ አሳዪው፣ እማዬ ላብ በላብ ሆና ከተንቀጠቀጠች ይሄን ስጣት፣ ካልመለሰችልህ ግን ምንም አታጠጣት፣ አምቡላንስ ጥራ ብለሽ ቁጥሩን አስጠኚው። ሳታስፈራሪው በእርጋታ ንገሪው፣ ልጅ ምን እንደሚያደርግ ሲያውቅ ይረጋጋል።

ኤዋንሲ (A1C) የሚባለው የደም ምርመራ የ3 ወር ያህል የስኳር አማካይ ስለሚያሳይ በሁለተኛው ሳምንት ለውጥ አልመጣም ብለሽ እንዳትተዪው። የምትወስጂውን መድኃኒት ስም ይዘሽ በዚህ ሳምንት ለሐኪምሽ ደውዪ፣ ቁርሱን ከዛ በኋላ ትጀምሪያለሽ።