የፈረሰ ቤት እንጨት ለሳሎናችን፦ ለኮሚቴው የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ

ጸሐፊ (ብሎክ 3)
ባለፈው እሑድ ከእድሩ ስብሰባ በኋላ የተነሳውን ሐሳብ ወደ ጽሑፍ ለማምጣት ይህን ውይይት ከፍቻለሁ። 11 ቤቶች ከፈረሱ አሮጌ ቤቶች የወጣ ጣውላ፣ በርና መስኮት በጋራ ገዝተን ሳሎናችንን ልናስውብበት ተስማምተናል። ለየብቻ ከገዛን የመኪና ኪራዩና የአናጢው የቀን ክፍያ ከእንጨቱ ዋጋ ይበልጣል። ከኮንዶሚኒየማችን ማኅበር ኮሚቴ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የጋራ መገልገያ ቤቱን ለሁለት ሳምንት ለሥራ ቦታ እንዲፈቅድልን። የጎደለውን ጨምሩ፣ የተንሻፈፈውን አቅኑ።

ጡረተኛው አናጢ (ብሎክ 7)
ልጄ፣ ረቂቅሽ መልካም ነው፤ ነገር ግን «እንጨት» ብለሽ ብቻ አልፈሽዋል። ከ2016 ጀምሮ ከፒያሳ፣ ቀጥሎም ከካዛንቺስ ከፈረሱት ቤቶች የወጣው እንጨት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በድሮዎቹ ቤቶች ውስጥ ጥድ ታገኛላችሁ። የጥድ ጣውላ መሆኑን ለማወቅ በመላጊያ አንድ ጊዜ ሳብ ማድረግ ይበቃል፤ ስንት ዓመት ጭስና አቧራ የጠጣ ጣውላ ዛሬ ከጫካ የወጣ ይመስል ይሸታል። ምስጥ የሚሸሸውም በዚያው በዘይቱ ነው። ዝግባ ለመላጊያ ገር ነው፣ ፊቱም ያምራል፤ ግን ምስጥም ነቀዝም ይወደዋል። ዋንዛ ከተገኘ ለመደርደሪያና ለጠረጴዛ ፊት ይቀመጥ። ማገር ሆኖ የኖረ ባሕር ዛፍ ለጌጥ አይገዛ፤ ተጣሞ ደርቋል፣ ምስማር ሲመታበት ይሰነጠቃል።

የብሎክ 5 ነዋሪ
እኔ ከ11ዱ ቤቶች አንዷ አይደለሁም፤ ግድግዳችን ግን ይዋሰናል። ጋሼ «ነቀዝ» ሲሉ ሳነብ የአልጋዬ እግር ታወሰኝ። በጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ ቤቱ የሁላችንም ንብረት ነው። ነቀዝ ያለበት እንጨት እዚያ ገብቶ ሁለት ሳምንት ከተቀመጠ በኋላ ወደ ማን ቤት እንደሚሄድ ማን ያውቃል? ረቂቁ ስለዚህ አንድ ቃል ካልጻፈ ተቃውሞዬን በጽሑፍ አቀርባለሁ።

ጡረተኛው አናጢ
እትዬ፣ ልክ ነዎት፤ ይህ ያልተጻፈበት ረቂቅ ረቂቅ አይባልም። ከመግዛታችን በፊት እያንዳንዱን ጣውላ ነጭ ጨርቅ ላይ አጋድሜ በመዶሻ እንጨት አንኳኳለሁ። ከቀዳዳው እንደ ዱቄት ያለ ነጣ ያለ ብናኝ ከረገፈ ውስጡ ነቀዝ እየበላ ነው ማለት ነው። ቀዳዳው ጠቁሮ ምንም ካልረገፈ አሮጌ ጠባሳ ነው። ከቅርፊቱ በታች ያለውን ነጣ ያለ ክፍል ከሁሉ በፊት ስለሚበላው ያን በመጥረቢያ አነሳዋለሁ። ዱቄት ያወጣውን ሻጩ ቢለምነንም አንጭነውም። ላምባ ቀብቶ ማስገባት የሚሉ ይኖራሉ፤ እኔ አልቀበለውም። ሽታው ከሳሎን ሳይወጣ ይከርማል፣ እሳቱም አለ።

የብሎክ 1 ወጣት
የምሠራው ቃሊቲ መጋዘን ውስጥ ስለሆነ ስለ ፓሌት እንጨት ልጨምር። ዕቃ ተጭኖበት ከውጭ የመጣ ፓሌት ላይ ማኅተም አለ። በላቲን ፊደል «ኤች ቲ» ካለ በሙቀት የታከመ ነው፤ የዓለም አቀፉ ደንብ የእንጨቱ መሐል በ56 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ30 ደቂቃ እንዲቆይ ያዛል። «ኤም ቢ» ካለ ግን በመርዛማ ጋዝ የታጠነ ስለሆነ ለቤት አይሁን። ማኅተም የሌለውንም አልመክርም። ለመደርደሪያ ርካሽ ነው፣ ቅዳሜ ለናሙና እንደተገዛው የፒያሳ መቃን ግን ታሪክ የለውም።

ነርሷ (ብሎክ 9)
አሮጌው ቀለም ላይ ላስጠነቅቅ። በድሮ የዘይት ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባለው ብረት ሊኖር ይችላል። በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ከተፋቀ አቧራው ወደ ልጆች ሳንባና እጅ ይሄዳል፤ ጉዳቱም የአእምሮ እድገትን ይነካል። እየረጠበ በመፋቂያ ይነሳ፣ ወለሉ ላይ ፕላስቲክ ይነጠፍ፣ ፍርፋሪው ተጠቅልሎ ይጣል፣ ልጆች በሥራው ሰዓት አይግቡ። ለምግብ ማቅረቢያ ሰሌዳ ቀለም የነበረበት እንጨት በፍጹም አይሠራ።

ጸሐፊ
ሁሉንም አስገባለሁ። አሁን ወደ መቃኑ፤ ቅዳሜ ለናሙና የገዛነውን አይታችሁታል? ከማጠፊያው በላይ በእርሳስ የተጻፈ የመብራት ቆጣሪ ንባብ አለ። ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም ከላይ ወደ ታች ተሰልፈው፣ ከየወሩ ጎን ቁጥር፣ ከቁጥሩ ቀጥሎ «ለአራት» ይላል። በአንድ ቆጣሪ አራት ቤት ሲጠቀም ነበር ማለት ነው። የጥቅምቱን አንድ ሰው ሰርዞ ሌላ ቁጥር ጽፎበታል፤ የዚያ ወር ጭቅጭቅ ቀላል አልነበረም መሰለኝ። ጋሼ ሊላጉት አሉ፣ እኔ እምቢ አልኩ።

ጡረተኛው አናጢ
ልላገው ያልኩት ቀለሙ ስለተፈረፈረ ነው። ንባቡ ያለበት ስንዝር ይቀር። ነገር ግን ቫርኒሽ በብሩሽ ከቀባችሁበት ቁጥሩ ይጨማለቃል፤ መጀመሪያ በስሱ ይረጭ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ይቀባ። ሌላም አለ፤ ጣውላው ሳሎን ውስጥ ገብቶ ሁለት ሳምንት ይቆይ፣ ከዚያ ይመታ። በበጋ እፍንፍን ተደርጎ የተገጠመ ጣውላ በክረምት አብጦ ይነሳል። በየመካከሉ የአንድ ብር ሳንቲም ውፍረት ያህል ክፍተት እተዋለሁ።

የብሎክ 1 ወጣት
መከፋፈያ ግድግዳዎቻችን ስስ ስለሆኑ ከባድ ጣውላ እዚያ ላይ አይንጠልጠል። ከሞራሌ ክፈፍ ሠርተን ወለሉ ላይ እናቁመው፤ ግድግዳው እንዳይወድቅ ብቻ ይያዘው።

ጸሐፊ
የተስተካከለው ረቂቅ እንዲህ ይነበባል፦ «11 ቤቶች የጋራ መገልገያ ቤቱን ለሁለት ሳምንት ከጠዋቱ 3 እስከ ቀኑ 11 ሰዓት እንጠቀማለን፤ ልቅሶ ካጋጠመ በዚያው ቀን እናስረክባለን። ዱቄት የሚያወጣ እንጨት ወደ ግቢው አይገባም፤ ነዋሪዎች የመረጡት አንድ ሰው ከጭነት በፊት ያያል። ቀለም በደረቁ አይፋቅም። ክፈፉ ወለል ላይ ይቆማል። እያንዳንዱ ግዢ የሻጭ ደረሰኝ ይኖረዋል፤ ከቅርስ ቤት የወጣ የሚመስል ጥልፍልፍ ሥራ አንገዛም። የተረፈው ጣውላ ለጋራ ቤቱ አግዳሚ ወንበር ይሆናል።» ያልተስማማ አለ?

የብሎክ 5 ነዋሪ
ከጭነት በፊት የሚያየው ሰው እኔ ካልሆንኩ አልስማማም።

ጡረተኛው አናጢ
ይሁን። ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ምናለሽ ተራ መግቢያ ላይ እንገናኝ። እትዬ፣ ነጩን ጨርቅ እርስዎ ይዘው ይምጡ፤ ጉጠትና መዶሻ ከእኔ ነው።